ልጆቻችን «ሪፊውጂ ቦይ»ን ክፍል ውስጥ ሲማሩ

እህቴ፣ የልጅሽ ትምህርት ቤት በዚህ ተርም «ሪፊውጂ ቦይ» (ስደተኛው ልጅ) የሚለውን ልብ ወለድ ሊያስተምር ነው ብለሽ መጨነቅሽ አይገርመኝም። እኔ ለንደን ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በረዳት መምህርነት ስለምሠራ መጽሐፉን ከተማሪዎች ጋር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ልጅሽን ከክፍሉ አስወጪው አልልሽም። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፦ ክፍሉ ሳይጀምር አንቺ ቀድመሽ አንብቢው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ደግሞ ከልጅሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡ።

ደራሲው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2023 ያረፈው የበርሚንግሃሙ ገጣሚ ቤንጃሚን ዘፋንያ ነው። መጽሐፉ የወጣው በፈረንጆቹ 2001 ነው፤ ታሪኩ ግን የእኛው ነው። ዋናው ባለታሪክ አለም የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ጊዜው ያ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1990 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ነው።

ገና ሲጀምር ወታደሮች በር ሰብረው ይገባሉ። ቤተሰቡ ተኝቷል፣ አገሩ ኢትዮጵያ ነው። እናትየዋ ኤርትራዊት ስለሆነች ውጡ፣ አለዚያ ትሞታላችሁ ይሏቸዋል። ቀጥሎ ቤተሰቡ ኤርትራ ነው። እዚያም በር ይሰበራል፣ ጠመንጃ ይደገናል። ቃላቱ ሳይቀሩ ያው ናቸው ማለት ይቻላል። አሁን ጥፋተኛው ኢትዮጵያዊው አባት ነው።

መምህራን ይህን ቦታ ቶሎ ያልፉታል። የሚቸኩሉት ወደ እንግሊዙ ታሪክ ነው፤ ወደ ፎስተሩ (ልጁን ወደሚያሳድገው ቤተሰብ)፣ የስደተኞችን ጉዳይ ወደሚያየው መሥሪያ ቤት ወደ ሆም ኦፊሱ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ። የእኛ ልጆች ግን እዚያው ገጽ ላይ ይቀራሉ። ቤት መጥተው «እኛስ የየት ነን?» ብለው ይጠይቃሉ። ስንቱ ቤት ነው ይህ ጦርነት የሚነሳበት? ባልና ሚስት ከሁለቱም ወገን የሆኑበት ቤትማ ጭራሽ አይወራም። ሁለቱም መንግሥታት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አባረዋል፤ ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሏል። ልጁ ይህን መጀመሪያ ከእናቱ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ሁሉን ነገር ማወቅ የለብሽም። የምታውቂውን ንገሪው።

ሁለተኛው ከባድ ቦታ ዳቼት ነው፣ ከሂትሮው ብዙም የማትርቅ መንደር። አለምን አባቱ ለሽርሽር ብሎ ያመጣዋል። ለንደንን ያሳየዋል። ጠዋት ሲነሳ አባቱ የለም፤ ደብዳቤ ብቻ ትቶለታል። ክፍል ውስጥ እዚህ ጋ ልጆቹ በአባትየው ይናደዳሉ። «እንዴት ሳይሰናበተው ይሄዳል?» ይላሉ። አንድ ጊዜ ብዙም የማትናገር የሐበሻ ልጅ እጇን አወጣችና «ቢነግረው ኖሮ እሺ ብሎ አይቀርም ነበር» አለች። መምህሩ ያዘጋጀውን ትቶ የቀረውን ሰዓት በእሷ ሐሳብ ላይ አዋለው። እንዲህ ያለ መምህር ሲገጥም ደስ ይላል።

ሁሉም እንደዚያ አይደሉም። «አንተ ከዚያ ነህና ንገረን» የሚል መምህርም አለ። ክፉ አስቦ አይደለም፣ ግን ልጁን ያሳቅቀዋል። ልጅሽ ራሱ ካልፈለገ ስለ አገሩም ሆነ ስለ ቤተሰቡ እንዳይጠየቅ ለመምህሩ አስቀድመሽ ጻፊ። ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው።

መጨረሻውንም ልንገርሽ፣ ማወቅ አለብሽና። እናትየዋ እዚያው ትገደላለች። አባትየው ተመልሶ ልጁ ጋ ይመጣል፣ እሱም እዚሁ ለንደን ውስጥ ተተኩሶበት ይሞታል። ወላጁን ያጣ ልጅ ካለሽ ወይም ዘመድ ጋ እንደዚህ ያለ ልጅ ካለ፣ እነዚህን ምዕራፎች ብቻውን አያንብባቸው።

ማንበብ ለሚሰለቸው ልጅ ገጣሚው ለምን ሲሳይ ለመድረክ የጻፈው ቅጂ አለ። በፈረንጆቹ 2013 ሊድስ ከተማ ላይ ታይቷል። የለምን ሲሳይ እናትም ኢትዮጵያዊት ናት፤ ያደገው ደግሞ እዚሁ እንግሊዝ ውስጥ በፎስተርና በሕጻናት ማሳደጊያ ነው። ድምፅ አውጥታችሁ ተራ በተራ አንብቡት፣ ልጆች ይወዱታል።

ለመምህሩ የምትጽፊው ኢሜይል ካስቸገረሽ እዚሁ ንገሪኝ፣ አብረን እናረቀዋለን።