ኦክቶበርፌስት ለሁለት ሰው፣ ቦታ ሳያስይዙ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር አርብ ማታ ከስቶክሆልም ሙኒክ ገብተን እሁድ እንመለሳለን። ለኦክቶበርፌስት (የሙኒክ የቢራ ፌስቲቫል) ነው፤ ቢራ የሚጠጣበት ድንኳን ውስጥ ጠረጴዛ አላስያዝንም። ያስገቡናል?

መልስ፦ መግቢያው ነፃ ነው። ጠረጴዛ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ለ8 ወይም ለ10 ሰው ስለሆነ ለሁለት አያዋጣም። ቅዳሜ ድንኳኖቹ ጠዋት 3 ሰዓት (በጀርመኖቹ 9) ይከፈታሉ፤ ቀድማችሁ ተሰለፉ። ከቀትር በኋላ ሞልቶ በሩ ይዘጋል። ድንኳን ውስጥ ለቆመ ሰው ቢራ አይቀርብም፣ መጀመሪያ ወንበር ያዙ። ሁለት ሰው ተጠጉልን ብሎ መቀመጥ አይከብደውም።

መልስ፦ ከ3 ሊትር በላይ የሚይዝ ቦርሳ አይገባም፤ ሆቴል ተዉት። አንዱ ብርጭቆ 1 ሊትር ነው፣ አልኮሉም 6 በመቶ ገደማ። በባዶ ሆድ እንዳትጀምሩ!

መልስ፦ ፌስቲቫሉ ሜዳ አጠገብ ያለው ቴሬዚየንቪዘ የምድር ባቡር ጣቢያ ይጨናነቃል። በዩ3 ወይም ዩ6 የባቡር መስመር ጎተፕላትዝ ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ። ጥሬ ዩሮ ያዙ።