በናዳ ቤቱን ላጣው አጎቴ የጣሪያ ውሃ በትንሽ ወጪ ማጠራቀም እንዴት ይቻላል?

ጠያቂ፦
በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት ናዳ ቤቱን ያጣው አጎቴ፣ አሁን ከቀድሞ ሰፈሩ ራቅ ብሎ አምስት በስድስት ሜትር የሆነ፣ ክዳኑ ውሃ በሁለት ወገን የሚያወርድ የቆርቆሮ ቤት እየሠራ ነው። ምንጩ ቁልቁለቱ ሥር ስለሆነ ልጆቹ ጀሪካን ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ቀኑ ይጋመሳል። ሮቶ ለመግዛት አቅም የለንም፤ ያለን አንድ የ200 ሊትር በርሜል ብቻ ነው። ከምን እንጀምር? ጉድጓድ ቆፍሮ ሸራ ማንጠፍስ ይሻል ይሆን?

አናጺ አባል፦
እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከአሸንዳው ጀምሩ፤ በርሜሉ ቢበዛ አሸንዳ ከሌለ ዋጋ የለውም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ስለሚሆን፣ በጣሪያው አንድ ወገን ብቻ፣ ማለትም በ15 ካሬ ሜትር ላይ፣ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 300 ሊትር ይወርዳል፤ የሚረጨውና የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ 240 ሊትር ያህል፣ ይኸውም 12 ጀሪካን፣ ይቀራል። ስለዚህ ለጊዜው አንዱን ወገን ብቻ ሥሩ። ላሜራ ከተወደደባችሁ ለሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ አንጓውን ጠርባችሁ ተጠቀሙ፤ ቶሎ ስለሚበሰብስ ግን መለወጡ አይቀርም። በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ በርሜሉ ይዘቅዝቅ።

የውሃ ሥራ ባለሙያ፦
ጉድጓዱን አደራ ተዉት። ናዳ በሚያሰጋ ተዳፋት ላይ ወደ መሬት የሚሰርግ ውሃ አፈሩን እያከበደና እያላላ ስለሚሄድ፣ ሸራው አንድ ቀን ቢቀደድ የምትሸሹትን አደጋ ራሳችሁ ትጠሩታላችሁ። በርሜሉንም ከቤቱ በላይ ካለው ቁርጥ መሬት አርቃችሁ በተደለደለ የድንጋይ መደብ ላይ አስቀምጡት፤ ሲሞላ የሚተርፈውን ውሃ ደግሞ በቱቦ እስከ ተፈጥሮ መፋሰሻው ድረስ ውሰዱት። ለእኔ ከአሸንዳውም የሚቀድመው ይህ ነው።

የጤና ባለሙያ፦
ጣሪያውን አጥቦ የሚመጣው የመጀመሪያው ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ስላለበት በርሜሉ ውስጥ አይግባ። ከበርሜሉ በፊት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በቱቦ ብታገናኙ እሱ ቀድሞ ይሞላና ተከታዩ ወደ በርሜሉ ያልፋል፤ ከየዝናቡ በኋላ ጀሪካኑን ድፉት። የወባ ትንኝ እንዳይራባበት አፉን በጥቅጥቅ ወንፊት ክደኑ፤ ያረጀ አጎበር ግን መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም። የሚጠጣውን አፍሉት፣ ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ጨምሩበት።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። በርሜሉ ግን ያገለገለ ነው፤ ምን እንደነበረበት አናውቅም፣ ዛሬም ይሸታል።

የጤና ባለሙያ፦
የተባይ መድኃኒት ይዞ ከነበረ በእጥበት አይነጻም፤ ስለዚህ ለመጠጥም፣ ለምግብም፣ ለልብስም አታውሉት። ለመጠጥ የሚሆነውን በንጹሕ የዘይት ጀሪካኖች አጠራቅሙ፤ በርሜሉን ጨርሶ አስወግዱት።