የጥብስ ቅጠል ዘይቴ ሻገተብኝ፣ ምን አጠፋሁ?

የማርያም ልጅ፦
ሰላም እህቶች፣ የፀጉር ዘይት ቤት ውስጥ ሰርቼ ተበላሸብኝና ምክር ፈልጌ ነው። አንድ ብርጭቆ የወይራ ዘይትና ግማሽ የጉሎ ዘይት ቀላቅዬ፣ ከጉሊት የገዛሁትን እርጥብ የጥብስ ቅጠል አጥቤ ከነግንዱ ጨመርኩበት፣ እሬትም ልጬ ፈጨሁና ከተትኩ፣ ከዛ በጠርሙስ አድርጌ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ላዩ ላይ ነጭ ነገር አወጣ ሽታውም ተቀየረ። ባሞቀው ይሆናል ወይስ ልድፋው? በዚህ ኑሮ ዘይት መድፋት ያማል። የሰራሁት ግንባሬ ጋ ፀጉሬ እየሳሳ ስለሆነ ነው፣ ፎሮፎርም አለብኝ በጣም ያሳክከኛል።

ጓዳ፦
ድፊው የኔ እህት፣ ብታሞቂውም አይመለስም። ያበላሸው ውሃ ነው፣ እሬት ማለት እኮ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ቅጠሉም እርጥብ ነበር። ለሌላ ጊዜ ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቂው፣ በእጅሽ ስታሺው እስኪፈረፈር ድረስ። አንድ እፍኝ ለአንድ ብርጭቆ ዘይት ይበቃል። ውሃ የፈላበት ድስት ላይ ዘይቱና ቅጠሉ ያለበትን ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጠሽ በእንፋሎቱ ብቻ ለሁለት ሰዓት ያህል አሙቂው፣ እሳቱ ቀስ ያለ ይሁን፣ ዘይቱ መፍላት የለበትም። ሲቀዘቅዝ በንፁህ ነጠላ ጨርቅ አጥልይና በደንብ በደረቀ ጠርሙስ ጨለማ ቦታ አስቀምጪ። እሬቱን ከፈለግሽ በምትታጠቢበት ቀን ለብቻው ተቀቢው። ቅርንፉድ የሚጨምሩ አሉ እኔ አልወደውም ቆዳ ያቃጥላል፣ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ሞክረሽ እስከ ነገው ጠብቂ።

ሹሩባ ሰሪዋ፦
እህቴ የግንባሩ ነገር አሳሰበኝ። ሹሩባ ታበዢያለሽ? ብዙ ደንበኞቼ ፊት ለፊትና ጆሮ ግንድ ጋ የሚሳሳባቸው ከመጎተት ነው፣ "ጠበቅ አርጊው እንዲቆይልኝ" ይሉኛል። ተሰርተሽ ማታ ራስሽን ካመመሽ ወይ ስሩ ላይ ትናንሽ ብጉር ካወጣ ዛሬውኑ ፍቺው። ለጥቂት ወራት ጠርዙን ልቀቂው፣ ዊግም ማስያዣም አይንካው። ቆዳው ለስልሶ ማብረቅረቅ ሳይጀምር ነው መድረስ ያለብሽ፣ ከዛ በኋላ ዘይት አያበቅለውም።

የማርያም ልጅ፦
ወይኔ አዎ ትክክል ነሽ በየሁለት ሳምንቱ ነው የምሰራው። ሌላ ጥያቄ፣ ጉሎ ዘይት ተወዷል፣ ለምጣድ ማሰሻ የምንጠቀመውን ፍሬ ራሴ ወቅጬ ዘይት ባወጣስ?

ፋርማሲ ነኝ፦
በፍፁም እንዳትሞክሪ! የጉሎ ፍሬ ውስጥ ሪሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለ፣ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ፍሬው ራሱ በእጅ በማይደረስበት ቦታ ይቀመጥ። ዘይቱን ተጣርቶ የታሸገውን ግዢ። ፎሮፎር ላይ ደግሞ ዘይት ቀብቶ ማሳደር ያባብሳል፣ ፎሮፎሩን የሚያባብሰው ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው። ፈንገሱን የሚያጠፋውን ኬቶኮናዞል ሻምፑ በሳምንት ሁለቴ ተጠቀሚ፣ አረፋውን 5 ደቂቃ አቆይተሽ ታጠቢው፣ ዘይቱን ከመታጠብሽ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ተቀቢ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት የጥብስ ቅጠልን ዘይት 2% ሚኖክሲዲል ከሚባለው የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት ጋር አወዳድሮ 6 ወር ላይ ተቀራራቢ ውጤት አግኝቷል፣ ግን 3 ወር ላይ ሁለቱም ለውጥ አላሳዩም፣ ጥናቱም የወንዶች መመለጥ ላይ ነው። ስለዚህ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ ግን ሹሩባውን ሳትፈቺ ምንም አትጠብቂ። ክብ ክብ ሆኖ ከተላጠና ፀጉሩ ከስሩ ከተሰበረ ግን ቆረቆር ሊሆን ስለሚችል የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ሀኪም ይየው።

የማርያም ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ዘይቱን ደፋሁት፣ ሹሩባውንም አሁን እየፈታሁ ነው።