ክርክር፦ 84 ጨዋታ ያሸነፈ የቤዝቦል ቡድን ለዋንጫ መጫወት ይገባዋል? (ተከራካሪዎቹ በከተማቸው ስም ተጠርተዋል)

ባልቲሞር፦ እስቲ በዚህ ላይ ልሟገታችሁ። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ከ2022 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) 12 ቡድን ወደ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ወዳለው የዋንጫ ፉክክር) ያስገባል። ከሁለቱ ሊጎች ከእያንዳንዳቸው 3 የዲቪዥን (የምድብ) አሸናፊ፣ 3 ደግሞ በዋይልድ ካርድ፣ ማለትም ምድባቸውን ሳያሸንፉ በውጤታቸው የሚገቡ። በፊት በጠቅላላው 10 ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ያልጠበቀው ቡድን ብቅ ይልና ዓመቱን ሙሉ የለፋውን ጥሎ ያልፋል። በ2023 አሪዞና 84 አሸንፎ፣ 78 ተሸንፎ ወርልድ ሲሪስ (የመጨረሻው የዋንጫ ግጥሚያ) ደረሰ። በዚያው ዓመት አትላንታ 104፣ የእኛ ኦርዮልስ 101፣ የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ 100 አሸንፈው ሦስቱም የመጀመሪያ ሲሪሳቸውን (ከአንድ ተጋጣሚ ጋር የሚደረገውን ተከታታይ ጨዋታ) አላለፉም። ሦስቱ ተደምረው 1 ጨዋታ ብቻ ነው ያሸነፉት! እኛ በመደበኛው ሲዝን አንድም ሲሪስ ሙሉ በሙሉ ሳንሸነፍ ጨርሰን፣ 5 ቀን ቁጭ ብለን ጠብቀን፣ ቴክሳስ በ3 ጨዋታ ሸኘን። 162 ጨዋታ ታዲያ ለምን ይጫወታሉ? ወደ 10 ይመለስ ባይ ነኝ።

ዳላስ፦ ወንድሜ፣ ቴክሳስን ከአዲሱ ደንብ ጋር አታያይዘው። 90 አሸንፈናል። ሂውስተንም 90 ነበረው፣ እርስ በርስ ስንጫወት ስለበለጠን ዲቪዥኑን ወሰደ። በድሮው የ10 ቡድን ደንብም ቢሆን በሁለተኛው ዋይልድ ካርድ እንገባ ነበር። ቁጭ ብለህ አስላው። ደግሞ በዚያ ፕሌይኦፍ ከሜዳችን ውጪ 11 ተጫውተን 11ዱንም አሸነፍን። ይሄን በር ስለሰፋ የመጣ ዕድል ልትለው ነው? በ2021 102 ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን በሁለት ዓመት ዋንጫ ሲወስድ ደስ ይላል እንጂ አያናድድም። እናንተም እኮ በ2021 110 ተሸንፋችሁ ነው በ2023 101 ያሸነፋችሁት።

አሌክሳንድሪያ፦ ልጆች፣ የዋሽንግተን ዲሲውን ናሽናልስን ረሳችሁት? ግንቦት 2019 ላይ 19 አሸንፈው 31 ተሸንፈው ነበር። አሠልጣኙ ይባረር የሚለው ወሬ ዲሲን ሞልቶት ነበር። 93 አሸንፈው በዋይልድ ካርድ ገቡ፣ 106 ያሸነፈውን ዶጀርስ ጣሉ፣ ሂውስተንን በ7ኛው ጨዋታ ረቱ። አራቱንም ድል ያገኙት ሂውስተን ሜዳ ላይ ነው። ያኔ 12 ቡድን የሚባል ነገር አልነበረም። ያልተጠበቀ ቡድን ድሮም ነበረ። እኔ የምጠላው የግንቦቱን ሰንጠረዥ አይቶ ቡድኑን የሚቀብረውን ሰው ነው።

ሲያትል፦ ጋሼ ልክ ነዎት። ሁላችሁም የምትከራከሩት ስለ በሩ ነው፣ በሩ ግን ችግሩ አይደለም። እኛ በ2001 116 አሸነፍን። ፕሌይኦፍ የሚገባው 8 ቡድን ብቻ ነበር። 95 ያሸነፈው የኒውዮርኩ ያንኪስ 4 ለ 1 አሰናበተን። ቤዝቦል እንዲህ ነው፤ 100 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን እንኳ ከ10 ጨዋታ 6 ገደማ ነው የሚያሸንፈው፣ 84 ያሸነፈው ደግሞ 5 ገደማ። ይህ ልዩነት በ162 ጨዋታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ5 ጨዋታ ውስጥ ግን አንድ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ጥሩ ቀን ካገኘ ይጠፋል። ስለዚህ የቡድኑን ቁጥር ትታችሁ ሲሪሱን አስረዝሙት።

ቶሮንቶ፦ እኔ ደግሞ "ድንገተኛ" የሚለው ነገር ራሱ ያስቆጨኛል። የእኛ ብሉ ጄይስ በ2024 74 አሸንፎ ከዲቪዥኑ መጨረሻ ወጣ። በ2025 94 አሸንፎ ዲቪዥኑን ወሰደ። ተዓምር አይደለም! ከሁሉም ቡድኖች ያነሰ ስትራይክአውት (መቺው ኳሷን ስቶ መውጣት) የደረሰበት እሱ ነው። ኳሷን ይነካሉ፣ ይሮጣሉ፣ ተጋጣሚን ያስጨንቃሉ። በ7ኛው የወርልድ ሲሪስ ጨዋታ፣ በ9ኛው ኢኒንግ (ዙር)፣ ለዋንጫው ሁለት አውት (ሁለት ተጋጣሚ ማስወጣት) ብቻ ቀርቶን ነበር። ከዚያ የዶጀርሱ ሚጌል ሮሃስ ሆም ረን (ከአጥር ውጪ የወጣች ኳስ) መታና በ11ኛው ኢኒንግ 5 ለ 4 ተሸነፍን። እስካሁን ያንገበግበኛል። (እህቴ ሲያትል፣ እናንተን በ7ኛው ጨዋታ በስፕሪንገር ሆም ረን እንዳለፍናችሁ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ስሜቱ ይገባሻል።)

ባልቲሞር፦ ከቶሮንቶ ጋር ጠብ የለኝም፣ ዲቪዥን አሸንፎ ነው የገባው። ጠቤ ከየሊጉ 6ኛ ሆኖ ከሚገባው ጋር ነው። ፊላደልፊያ በ2022፣ አሪዞና በ2023፣ ዲትሮይት በ2024፣ ሦስቱም 6ኛ ሆነው ነው የገቡት። ከ5ኛው ጋርም ቢሆን ጥያቄ አለኝ። ካንሳስ ሲቲ በ2023 106 ተሸንፎ በ2024 86 አሸነፈ፣ ጥሩ። ግን በዚያ ዓመት 121 ጨዋታ የተሸነፈውን ቺካጎ ዋይት ሶክስን 13 ጊዜ ገጥሞ 12ቱን አሸንፏል። እሱን አውጣውና ቀሪው 74 ድል፣ 75 ሽንፈት ነው። ይሄ ቡድን ነው ሜዳችን ካምደን ያርድስ መጥቶ ያስወጣን።

ዳላስ፦ 1 ለ 0 እና 2 ለ 1። በሁለት ጨዋታ፣ በገዛ ሜዳችሁ፣ ያስቆጠራችሁት አንድ ነጥብ ነው። ይህ የደንቡ ጥፋት አይደለም። ዋይት ሶክስን ደግሞ እናንተም ገጥማችሁታል።

ዴንቨር፦ በ2025 43 አሸንፎ 119 የተሸነፈው ሮኪስ የእኔ ቡድን ነው። እባካችሁ በሩን አትዝጉብን። ዲትሮይት በነሐሴ 2024 55 አሸንፎ 63 ተሸንፎ ነበር፣ የመግባት ዕድሉ 0.2 በመቶ ነው ተብሎ ተሰልቶ ነበር። ራሱ ቡድኑም ተስፋ ቆርጦ ፒቸሩን ጃክ ፍላሄርቲን ለዶጀርስ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። ከዚያ ከ44 ጨዋታ 31 አሸንፎ ገባ፣ ሂውስተንንም አስወጣ። በደንብ የሚወረውርለት ፒቸር ስኩባል ነበር፣ ሌላውን ቀን በየኢኒንጉ ሰው እየቀያየሩ ይጨርሱታል። 3ኛው ዋይልድ ካርድ ባይኖር ያን ሁለት ወር ማን ያየው ነበር? ሜዳው ባዶ ይሆን ነበር።

ባልቲሞር፦ እሺ፣ የሲያትልን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ የዲቪዥን ሲሪሱ ከ5 ወደ 7 ጨዋታ ይደግ። ግን 12ቱን ካላስነካችሁ፣ ብዙ ላሸነፈው የሚጨበጥ ነገር ስጡት። በደቡብ ኮሪያ ሊግ 4ኛው ከ5ኛው ሲገናኝ፣ 4ኛው አንድ ድል ይዞ ይጀምራል። 5ኛው ለማለፍ ሁለቱንም ጨዋታ ማሸነፍ አለበት። ይህን አምጡልኝና ዝም እላለሁ።

ሲያትል፦ ይምጣ፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ብቻ እወቀው፣ በ2024 እዚያው ኮሪያ ኬቲ ዊዝ 5ኛ ሆኖ ገብቶ ዱሳንን ሁለቴ አሸንፎ አልፏል። ሁለቱም ጨዋታ ላይ ዱሳን አንድም ነጥብ አላስቆጠረም።