ጥቆማ፦ ለመስኮት፣ ለሻወርና ለቤተ ሙከራ የትኛው መስታወት? ከየትስ ይገዛ?

ጠያቂ፦ አዲስ አበባ ባለ አንድ ፎቅ ቤት መስታወት ላስገባ ነው፤ መስኮቶች፣ የሻወር በርና የሰገነት መከለያ። የሠፈሩ ቆራጭ ሁሉንም በ6 ሚሊ ተራ መስታወት ልጨርስ ይላል። ምን ትላላችሁ? ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ቢከርና ፍላስክ (የብርጭቆ ዕቃዎች) ከመርካቶ መግዛትስ ያዋጣል?

አልሙኒየም ሠሪ፦ ለመስኮቱ የሠፈሩ ቆራጭ ይበቃል ወንድሜ። ትንንሹን በ4፣ ሰፋፊውን በ6 ሚሊ። መስታወቱ ፍሬሙን እንዳይነካ በየጎኑ 3 ሚሊ ያህል ክፍተት ይተው፤ ከታች ሁለት ጎማ ላይ ይቀመጥ። ብሮንዝ ወይም ሌላ ጠቆር ያለ ቀለም ከመረጥክ ግን ተጠንቀቅ። መሀሉ ፀሐይ ጠጥቶ ሲግል ፍሬም ውስጥ የተደበቀው ጠርዝ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ አቆራረጡ ሻካራ ከሆነ ስንጥቁ ከዚያው ከጠርዙ ይጀምራል። ማንም ሳይነካው ተሰነጠቀ የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው።

ሻወሩን ግን በተራ መስታወት እንዳታስነካ! ሲሰበር እንደ ቢላ ረጃጅም ሆኖ ነው የሚወርደው። 8 ወይም 10 ሚሊ ቴምፐርድ እዘዝ። ቴምፐርድ ማለት ተራው መስታወት ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሞርዶና ተበስቶ ካለቀ በኋላ ከ600 ዲግሪ በላይ ግሎ በአየር ግፊት ባንዴ የቀዘቀዘ ነው። ፊቱ ቀድሞ ይጠነክራል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲኮማተር ፊቱን ጨምቆ ይይዘዋል። ከተራው ከ4 እስከ 5 እጥፍ የሚጠነክረውም፣ ሲሰበር ጥራጥሬ የሚያህል የሚሆነውም ለዚህ ነው። ከምድጃ ከወጣ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፤ ከሞከርከው ሙሉው ይፈረካከሳል።

ስለዚህ ልኬት የሚወሰደው ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ነው እንጂ ከፕላን ላይ አይደለም። ስፋቱን ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ለካና ትንሹን ያዝ፤ ግድግዳውንም በቱንቢ ፈትሽ። የማጠፊያው ቀዳዳ ለ10 ሚሊ መስታወት ከ10 ሚሊ አይጥበብ፣ ከጠርዙም ቢያንስ 20 ሚሊ ይራቅ። ብረቱና መስታወቱ መሀል ጎማ ከሌለ ያው ቀዳዳ መሰበሪያው ይሆናል። ሲራገፍ ደግሞ ማዕዘኑ ሴራሚክ ላይ እንዳያርፍ፤ እንጨት ወይም ካርቶን ይነጠፍ። 70 ሳንቲም በ2 ሜትር የሆነ የ10 ሚሊ በር 35 ኪሎ ነው (በካሬ ሜትር፣ በየሚሊው 2.5 ኪሎ)፤ ማጠፊያው ይህን መሸከሙን ጠይቅ።

ከየት? የሠፈር ቆራጭ ምድጃ የለውም፤ ትእዛዙን ተቀብሎ ፋብሪካ ይልካል። ኮሚሽን ቢጨምርብህም የልኬት ስህተት ኪሳራው የሱ መሆኑን በጽሑፍ ከሰጠህ እሱን እመርጣለሁ። በቀጥታ ፋብሪካ ከሄድክ ይረክሳል፣ ግን 5 ሚሊ የሳትክ እንደሆነ መስታወቱ ላንተው ቀረ።

ፊኒሺንግ ሠሪ፦ ተራውን ቴምፐርድ ነው ብለው የሚሸጡ አሉ። ማዕዘኑ ላይ የማይለቅ ማኅተም ፈልግ። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርገህ በቀን ብርሃን ብታየው የአየር ግፊቱ ያለፈበት ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ወይም ሰረዝ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ለሰገነቱ ቴምፐርድ ብቻውን አልመክርም። ሲፈረካከስ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ልጅ ከተደገፈውስ? ላሚኔትድ ይሁን፦ ሁለት 6 ሚሊ ቴምፐርድ፣ መሀላቸው 1.52 ሚሊ ፒቪቢ የሚባል ፕላስቲክ፤ ሲደመር 13.52። የመኪና የፊት መስታወትም በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠራው፤ ቢሰነጠቅም ተጣብቆ ይቆያል። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ግን አታስጠጋው። አሲዱ የላሚኔትዱን ጠርዝ ያስለቅቃል፣ የመልክ ማያ መስታወት ጀርባንም ያጠቁራል። ኒውትራል የሚል ጽሑፍ ያለበትን ግዛ።

የላብ ሰው፦ ስለ ቤተ ሙከራው እኔ ልመልስ። እሳት ላይ የሚወጣው ሁሉ ቦሮሲሊኬት 3.3 የሚባለው ሙቀት የሚችል ብርጭቆ መሆን አለበት። ቁጥሩ በሙቀት ምን ያህል እንደሚለጠጥ ነው የሚናገረው፤ ተራው ብርጭቆ 9 አካባቢ ነው፣ ማለትም ወደ 3 እጥፍ ይለጠጣል። ወፍራም የሻይ ብርጭቆ የፈላ ሲቀዳበት ከሥሩ የሚሰነጠቀው ውስጡ ተለጥጦ ውጪው ገና ስለሆነ ነው። መለኪያ ሲሊንደርና ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ (አንድ የተወሰነ መጠን የሚለካው) ከምንም ቢሠሩ አይሞቁ፤ ልኬታቸው ይዛባል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የብርጭቆ ክዳን ባለው ጠርሙስ አታስቀምጡ፣ ክዳኑ ተጣብቆ ይቀራል። በስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካው መሣሪያ) ከ320 ናኖሜትር በታች የምትለኩ ከሆነ የኳርትዝ ኩቬት (የናሙና መያዣ) ያስፈልጋል፤ ተራው ብርጭቆ ያንን ጨረር ይውጠዋል። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን የገንዘብ ብክነት ነው።

መርካቶ ያዋጣል፣ እየፈተሻችሁ ከሆነ። ትንሽ የምግብ ዘይት ይዛችሁ ሂዱና የማማሰያ ዘንጉን ንከሩት። ቦሮሲሊኬት ብርሃን የሚሰብረው ልክ እንደ ዘይቱ፣ 1.47 ገደማ ስለሆነ ዘይቱ ውስጥ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። ተራው 1.52 ነው፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጫፉ የተላጠ ወይም ፀጉር የሚያህል ጭረት ያለበትን በርካሽ ቢሰጧችሁም እምቢ በሉ፤ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ፣ እሳት ላይ ደግሞ ይብሳል።

ፊኒሺንግ ሠሪ፦ የዘይቱ ዘዴ ጥሩ ነው፣ ግን ዘንጉን ሳይሆን ቢከሩን ራሱን ይንከሩ። ቢከሩ ቦሮሲሊኬት ሆኖ ዘንጉ ተራ የሆነበት ዕቃ ብዙ ነው።

የላብ ሰው፦ ልክ ነው። ዘይቱ በሰፊ ሳህን ይሁን፣ የቢከሩ ከንፈር ከገባ ይበቃል።