ዊንዶውስ 11 አልጫን አለኝ

ሰላም ናችሁ? የቤት ኮምፒውተሬን ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ለማሳደግ ሦስት ቀን ታገልኩ። መስፈርቱን አያሟላም ይለኛል። ራሙ 8 ጊጋ ነው፣ ያን ያህልም አሮጌ አይደለም። የልጆቼ ፎቶ በሙሉ እዚያው ስላለ መነካካት ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ሳይበራ ቀርቶ ነው። ኮምፒውተሩን ስታስነሳ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ግባና ፈልገው፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤፍቲፒኤም ይለዋል።

መልስ፦ ልክ ነው፣ ግን እባክህ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ ከሆነ ደግሞ ባዮሱን ስትቀይር የመክፈቻ ቁልፍ ሊጠይቅህ ስለሚችል ቀድመህ ወረቀት ላይ ጻፈው።

ጠያቂው፦ ፒቲቲ ጠፍቶ ነበር! ፎቶዎቹን ገልብጬ አበራሁት፣ አሁን እየጫነ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።