ፒያሳና ካዛንቺስ ለምን አረጁ? ማፍረስ ነው የሚሻለው ማደስ?

የእሪ በከንቱ ልጅ፦ ትናንት አንዱ እዚህ ግሩፕ ላይ "ፒያሳና ካዛንቺስ ፈረሱ ብላችሁ አታልቅሱ፣ ድሮም የተጎሳቆሉ ሰፈሮች ናቸው" ብሏል። እሺ ተጎሳቁለዋል፣ ግን ማነው ያጎሳቆላቸው? ሐምሌ 1967 ደርግ በአዋጅ 47 ትርፍ ቤት ሲወርስ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ፣ ከዛ በላይ ያለው ለመንግስት ኪራይ ቤቶች ድርጅት። ኪራዩ እዛው ላይ ለአስርት አመታት ቆመ፣ ቀበሌ በዛች ብር ጣራ መቀየር አይችልም፣ ተከራዩ ደሞ ነገ ልቀቅ ልባል እችላለሁ ብሎ ገንዘቡን አያፈስበትም፣ ላድስ ቢልም ፈቃድ አምጣ ይባላል። የጭቃ ቤት እኮ በየጊዜው ካልተመረገ ይዘማል። ሰፈሩን ያስረጀው ነዋሪው አይደለም፣ ባለቤት ማጣቱ ነው።

ሲቪል ኢንጂነር፦ ምክንያቱ ላይ እስማማለሁ ወንድሜ፣ መፍትሄው ላይ ግን አልስማማም። እዛ የነበረው ነገር ምርግ የሚያድነው አልነበረም። ብዙ አባወራ አንድ ሽንት ቤት የሚጋራበት፣ እሳት ቢነሳ መኪና የማይገባበት፣ ፍሳሹ ቀጥታ ቀበና ወንዝ የሚወርድበት ሰፈር ነበር፣ መስመር ልዘርጋ ብትል የምትቆፍርበት ቦታ አልነበረህም። መሀል ከተማን ፎቅ በሌለው ቤት ሞልተን ወደ ዳር የገበሬ መሬት እየበላን መቀጠል አንችልም፣ ወደ ላይ መሰራት አለበት፣ ለዛ ደሞ መፍረሱ የግድ ነበር።

የልደታዋ፦ ኢንጂነር ልክ ነህ የኔ ወንድም፣ የራስን ሽንት ቤትና ውሃ የመሰለ ነገር የለም፣ እሱን የምንቀው ያልተቸገርን ነን። ግን ማን ነው የሚገባበት? ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲፈርስ ኮንዶሚኒየሙ እዛው ቦታ ላይ ተሰርቷል፣ እዛው መስራት እንደሚቻል አይተናል። ቅድመ ክፍያው ላልሞላለት ግን ምን ዋጋ አለው? አንዱ ሌላ የቀበሌ ቤት ወሰደ፣ ሌላው የደረሰውን ኮንዶሚኒየም አከራይቶ ራሱ ርካሽ ቤት ተከራየ። ጉሊት የምትቸረችር እናት ገበያዋ በሯ ላይ ነው፣ ከካዛንቺስ አውጥታችሁ ከተማው ዳር ገላን ጉራ ስትወስዷት ቤት ሰጥታችሁ እንጀራዋን ነው የምትቀሟት፣ በዛ ላይ የትራንስፖርቱ ወጪ። እድሩም እቁቡም ተበተነ፣ ሰው ሲታመም የሚደርስለት ጎረቤት ራቀ፣ ይሄን በካሬ ሜትር የሚተምን ካሳ የለም።

ዲሲ ያለሁት፦ እኔ ያለሁበት የዋሽንግተን ዲሲው ዩ ስትሪት በፈረንጆቹ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሳው ረብሻ ተቃጥሎ ብዙ አመት ተጥሎ የኖረ ሰፈር ነው። ኪራዩ ርካሽ ስለነበረ የኛ ሰዎች ገብተው ሬስቶራንት ከፈቱ፣ የሜትሮ ባቡሩም በፈረንጆቹ 1991 መጣ፣ ሰፈሩ በጅምላ ሳይፈርስ ተነሳ። ግን ኪራዩም አብሮ ተነሳና ስንቱ ሀበሻ ከከተማው ውጪ ወዳሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሄደ። ስለዚህ ማደስ ብቻውን ሰውን አያድንም፣ ተከራዩን የሚጠብቅ ህግ ካልኖረ ዶዘር ባይነካውም ኪራዩ ያስለቅቀዋል።

የእሪ በከንቱ ልጅ፦ እኔም ወደዛ ነው ልመጣ የነበረው። መሬት ለህዝብ ጥቅም ሲወሰድ ስለሚከፈል ካሳ የወጣውን አዋጅ 1161/2011ን አንብቡት፣ መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ባለይዞታው፣ ማለትም የቦታው ይዞታ መብት ያለው ሰው፣ በፕላኑ መሰረት ለብቻው ወይ ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ የማልማት ቅድሚያ አለው ይላል። የቀበሌ ተከራይ ግን ሰላሳ አርባ አመት ኖሮበትም ባለይዞታ ስላልሆነ ይቺ መብት አትነካውም፣ እሱ የሚደርሰው ወይ ኮንዶሚኒየም ወይ ሌላ የቀበሌ ቤት ነው። ለምን አብረው የኖሩ ጎረቤታሞች ተደራጅተው እዛው ቦታ ላይ ፎቅ አይሰሩም? ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ።

ሲቪል ኢንጂነር፦ ሀሳቡ ጥሩ ነው ግን ብሩ ከየት ይመጣል? ቅድመ ክፍያ ያቃተው ሰው ፎቅ ይሰራል? ባንኩስ በምን ዋስትና ያበድረዋል?

የእሪ በከንቱ ልጅ፦ ከመሬቱ ነዋ! የፈረሰው ቦታ ለባለሀብት በሊዝ ሲሰጥ ገንዘብ ይገባል አይደል? ከሱ ላይ ለነባሩ ነዋሪ ቅድመ ክፍያ ይመደብ፣ ከሰፈሩ የተወሰነውም ለሱ ይተው። ፒያሳን በ2016 ለማፍረስ የታየው ፍጥነት ግማሹ እንኳን ለዚህ ቢውል ይቻላል።

የልደታዋ፦ እሱን ብታደርጉት እንኳን ግንባታው እስኪያልቅ ሰው የት ይቆይ? መጀመሪያ ባዶ ቦታ ላይ አንድ ህንጻ ይሰራ፣ ከዛ የአንድ ብሎክ ሰው ሲገባበት የሱ ቤት ይፍረስ፣ እንደዛ በየተራ። ጊዜ ይፈጃል ግን ልጆች ከትምህርት ቤታቸው አይነቀሉም።